ከኑዛዜው በፊት የእናትሽን ግማሽ አውጡ

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ካራ ነው። አባታችን ካረፈ ሰባት ወር አልፎታል፤ እናታችን አለች። የቤቱ ልጆች ሦስት ነን። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፣ አግብቼ ወጥቻለሁ። ተከታዬ ቤይሩት ናት። ታናሽ ወንድማችን ከወላጆቻችን ጋር ነው የኖረው፤ አባቴንም እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤትና የሚከራዩ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ካርታው በአባቴ ስም ነው። አርባው በወጣ ማግስት ወንድሜ ኑዛዜ ነው ብሎ አንድ ወረቀት አመጣ። በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ከታች የአባቴና የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለበት። ‹ቤቴንና ግቢዬን በሙሉ ለጦረኝ ልጄ ሰጥቻለሁ› ይላል። የእኔና የእህቴ ስም የለበትም። ከዚያ ወዲህ ኪራዩን እሱ ይቀበላል፣ ደላላ እያመጣ ግቢውን ያስለካል። ‹አባዬ ውክልናም ሰጥቶኛል› ይላል። በዚህ ላይ አባታችን ከትዳር ውጭ የወለዳት እህት አለችን፣ እሷም ‹እኔስ?› ብላ መጥታለች። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ሰብስበውን ‹ኑዛዜውን ተቀብለናል› የሚል ወረቀት አቅርበው ፈርሚ አሉኝ። እናቴ ‹ሰው ፊት አታዋርዱኝ፣ ፈርሚና ይለቅ› ብላ አለቀሰች። አልፈረምኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

አለመፈረምሽ ትክክል ነው። እናት እያለቀሰች፣ ሽማግሌ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ እጅሽ ላይ ተደርጎ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያች ላይ ነው። «ኑዛዜውን ተቀብያለሁ» ብለሽ ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ተመልሰሽ ኑዛዜው ጉድለት አለበት ስትዪ ያቺው ወረቀት በራስሽ ላይ ማስረጃ ሆና ትቀርብ ነበር። ተገድጄ ነው፣ አልገባኝም ነበር ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን አሳር ነው። ስለዚህ እስካሁን ያጣሽው ነገር የለም። ከዚህ በኋላም ቢሆን ማንም ቢለምንሽ፣ ቤትሽ ወስደሽ ሳታነቢ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታሳዪ ምንም ነገር ላይ አትፈርሚ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወንድምሽም፣ ሽማግሌዎቹም፣ አንቺም ጭምር የምታወሩት ስለ ኑዛዜው ነው። ይጸናል፣ አይጸናም፣ ተቀበሉ፣ አትቀበሉ። ቤቱ የማን እንደነበር የጠየቀ ግን የለም። አባትሽ መናዘዝ የሚችሉት የራሳቸውን ብቻ ነው። እናትሽ ደግሞ በሕይወት አሉ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «ካርታው በአባዬ ስም ነው» የሚለው ነገር በየሰፈሩ ስንቱን እናት ከገዛ ቤቷ እንግዳ እንዳደረገ ብታዪ ታዝኛለሽ። ካርታ ላይ አንድ ስም መኖሩ ንብረቱን የአንድ ሰው አያደርገውም። የጋራ አይደለም፣ የግል ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት።

ታዲያ ግቢው ከጋብቻቸው በኋላ የተገኘ ከሆነ፣ ግማሹ ድሮውንም የእናትሽ ነበር። አባትሽ ሲያርፉ «ውርስ» የሚባለው ነገር ውስጥ የገባው የአባትሽ ግማሽ ብቻ ነው። የእናትሽ ግማሽ ኑዛዜውም አይነካውም፣ ልጆችም አይካፈሉትም፣ ፍርድ ቤት የሚሾመው ውርስ አጣሪም አያጣራውም፤ የራሷ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእኛ ሕግ ሚስት ባሏን በሕግ አትወርስም፤ በኑዛዜ ካልሰጣት በስተቀር ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው። እናትሽ ግማሹን የምትወስደው ወራሽ ስለሆነች ሳይሆን ባለቤት ስለነበረች ነው። «እማዬ ወራሽ አይደለችም» የሚል ሰው ቢመጣ እውነቱን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ «ስለዚህ ምንም የላትም» ካለ ግን ዋሽቷል።

የጡረታው ነገርም አለ። አባትሽ ጡረተኛ ከነበሩ ለሚስት የሚከፈለው ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም። ለእናትሽ በራሷ መብት የሚመጣ ነው፣ ማንም አይካፈላትም። እስካሁን ካልተጀመረላት ዛሬውኑ አስጀምሩላት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ፍርድ ቤት መሄድ አይደለም። ሁለት ቀን ፈልጊ። ወላጆችሽ የተጋቡበትን ቀንና ቦታው የተገኘበትን ቀን። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የሰማንያው ወረቀት፣ እሱም ከሌለ ሠርጉን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የቦታውን ቀን ካርታው ላይ ወይም የይዞታ ማህደሩ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የግንባታ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ውሃና መብራት የገባበት ወረቀት፣ አሮጌው ሳጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ አገላብጪ። ቦታው ከጋብቻ በፊት የአባትሽ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያኔም ቢሆን በትዳር ዘመናቸው የተሠራው ቤትና ሰርቪሱ ላይ የእናትሽ ጥያቄ አይቀርም። ሁሉንም ፎቶ አንሺና ቅጂውን ከግቢው ውጭ አስቀምጪ።

አሁን ኑዛዜውን እንየው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በሦስት መንገድ ይቀበላል። አንዱ ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። የእናንተው በኮምፒዩተር የተጻፈ ነውና፣ አባትሽ ራሳቸው በማሽን እንደጻፉት በየገጹ በእጃቸው ካላመለከቱ በስተቀር እዚህ ውስጥ አይገባም። ሌላው የቃል ኑዛዜ ነው፤ በእሱ ቤትና ግቢ አይሰጥም፣ ለቀብር አፈጻጸም፣ ለልጆች ሞግዚት መሰየምና ለጥቃቅን ስጦታ ብቻ ነው። ሦስተኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለው ነው። ይህን ተናዛዡም ሆነ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና የተደረገበት ቀን ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያው መፈረም አለባቸው። አንቀጽ 881 ነው፤ ቁጥሩን ያዢው። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽ ቁጠሪ። ስንት ምስክር አለ? ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ውልና ማስረጃ የሚሠራ ሰው ነው ወይስ የሰፈር ጓደኛ? ቀን አለው? «ለተናዛዡና ለምስክሮች ተነቦ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው? ወረቀቱን የያዘው ወንድምሽ ስለሆነ እጁ ላይ እንዳለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ካልፈቀደ ሽማግሌዎቹ ቅጂ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። እንዳልሽው ሁለት ተራ ምስክሮች ብቻ ካሉት ኑዛዜው በቅርጹ ብቻ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሽማግሌዎቹ «አባትሽ ፈርመዋል እኮ፣ ምን ትፈልጊያለሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። ሕጉ የሟችን ፊርማ ብቻ ይበቃኛል አይልም። ሟች መጥተው «አዎ ብያለሁ» ወይም «አላልኩም» ማለት ስለማይችሉ ነው አራት ሰው የሚጠየቀው።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። «ፊርማው የአባቴ አይደለም፣ ወንድሜ ፎርጅድ ሠራ» ለማለት አትቸኩዪ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ አላልሽም፤ ግን ዘመድ ጓደኛ እንዲህ በዪ የሚልሽ አይጠፋም። ፎርጅድ ማለት ወንጀል ነው። አንዴ ከአፍሽ ከወጣ ፊርማው ለምርመራ ይላካል፣ ወንድምሽ ተከሳሽ ይሆናል፣ እናትሽ በሁለት ልጆቿ መሀል ትቆማለች። ፊርማው የአባትሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የቀረው ክርክርሽ ሁሉ ይደክማል። በእርግጠኝነት የምታውቂው ነገር ካለ ሌላ ነው። ከሌለ ግን የቅርጹ ጉድለት በቂሽ ነው፣ ማንንም ሌባ ሳትዪ የሚቀርብ መከራከሪያ ነው። «አባዬ በሽተኛ ነበር፣ ምን ያውቃል» የሚለውም እንደዚያው። መታመም ብቻውን ኑዛዜ አያፈርስም፤ ለሁሉም ሰው በግልጽ የሚታይ የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው ማስረዳት ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ የአባትሽን ክብር አደባባይ ማውጣት ነው።

ኑዛዜው በቅርጹ ቢተርፍስ? ያኔም ያበቃልሽ እንዳይመስልሽ። በመጀመሪያ፣ የሚናገረው ስለ አባትሽ ግማሽ ብቻ ነው፤ «በሙሉ» ስላለ የእናትሽን አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ልጅን ከውርስ መንቀል ቀላል እንዲሆን አልፈለገም። አንድ አባት ልጁን ሊነቅል ከፈለገ በግልጽ ነቅያታለሁ ብሎ፣ ለመንቀል የሚያበቃውንም ምክንያት ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ስምሽን ሳይጠሩ ማለፍ፣ ወይም ሁሉን ለአንዱ ሰጠሁ ማለት፣ ልጅን መንቀል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 938 እና 939 ለጠበቃ አሳዪ። ይህን ለእህትሽም ንገሪያት፤ ከቤይሩት ሆና «አባዬ ረሳኝ» ብላ እየተቃጠለች ሊሆን ይችላል።

ውክልናውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ውክልና በመርህ ደረጃ ከወካዩ ሞት ጋር ያበቃል። ወንድምሽ በዚያ ወረቀት ቤቱን ሊሸጥም፣ ሊያስይዝም፣ ስም ሊያዞርም አይገባውም። ደላላው ግን ይህን ላያውቅ ይችላል፣ ወይም እያወቀ ዝም ሊል ይችላል። ከገዢ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ ክርክሩ የሦስተኛ ሰው ክርክርም ይሆናል፣ ይወሳሰባል።

የምፈራው ይልቅ ሌላ ወረቀት ነው። እናትሽ እንዳለቀሰችው «ይለቅ» ብላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ባጃጅ ላይ ተጭና ውልና ማስረጃ ሄዳ የራሷን ግማሽ በስጦታ ለወንድምሽ ልትፈርም ትችላለች። የገዛ ንብረቷ ስለሆነ መስጠት መብቷ ነው፣ ማንም ሊከለክላት አይችልም። ግን ምን እየሰጠች እንደሆነ አውቃ ነው መስጠት ያለባት። ዛሬ ወንድምሽ ደግ ነው፤ ነገ ሚስት ያገባል፣ ቤቱን ይሸጣል፣ እናትሽ ኪራይ ቤት ትገባለች፤ ይህ የሚሆንባቸው ሰዎች ክፉ ልጆች ስለወለዱ አይደለም። እንግዲህ ከእናትሽ ጋር ብቻሽን ተቀመጪ፣ ቡና አፍሉ፣ ስለ ወንድምሽ አንድም ክፉ ቃል ሳትናገሪ ይህን ብቻ ንገሪያት፦ «እማዬ፣ ግማሹ ያንቺ ነው። ማንም አልሰጠሽም፣ ማንም አይነጥቅሽም። እኔም ከእሱ ምንም አልፈልግም። እስክትሞቺ በቤትሽ ኑሪ።» ምናልባት ያስለቀሳት ኑዛዜው ሳይሆን የት እንደምትወድቅ አለማወቋ ይሆናል።

ስለ ድርሻ እንነጋገር። ግቢው የጋራ ንብረት ከሆነና ኑዛዜው ከወደቀ፣ ሁሉንም 8 ቦታ ክፈዪው። 4ቱ የእናትሽ ነው። የቀረው 4 ለአባትሽ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ልጆቹ ደግሞ አራት ናችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳል። አዎ፣ አራት ነው ያልኩት። ከትዳር ውጭ የተወለደችው እህታችሁ ልጅነቷን ካስረዳች ድርሻዋ ከእናንተ እኩል ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በጋብቻ ውስጥ በተወለደና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መሀል ልዩነት አያደርጉም። ደብዳቤሽ ላይ «በዚህ ላይ» ብለሽ ነው የጠቀስሻት፣ እንደ ተጨማሪ ችግር። እኔ እንደዚያ አላያትም። ወራሽነት ማስረጃ ስታወጡ እሷን ደብቃችሁ ብታልፉ ነገ ማስረጃውን ታሰርዛለች፣ የምስክሮቻችሁ ቃልም ሐሰት ይሆናል፣ ያም በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚያ በላይ ግን እሷም አባት ሞቶባታል። በለቅሶው ላይ ማን ጎን እንደተቀመጠች ታስታውሻለሽ? ደውዪላት። ወንድምሽ አንቺን እንዲያይሽ የምትፈልጊውን ያህል አንቺም እሷን እዪያት።

አሁን ወንድምሽ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ወይ ሌባ ያደርገዋል ወይ ጻድቅ ያደርገዋል። እሱ አባታችሁን አስታሟል። አንቺ አግብተሽ ወጥተሻል፣ እህትሽ ባሕር ማዶ ናት። ሌሊት የተነሳው፣ አንሶላ የቀየረው፣ ሆስፒታል ወረፋ የያዘው እሱ ነው። ይህ በሕግ የተለየ ድርሻ አያሰጠውም፤ ቢሆንም ከኪሱ ለሕክምናና ለቀብር ያወጣውን ማስረዳት ከቻለ ያ ዕዳ ነው፣ ከውርሱ ላይ ክፍፍል ሳይደረግ በፊት የሚከፈል ነው። ከሕጉ ውጭ ደግሞ እናንተ ብትፈልጉ ልትሰጡት ትችላላችሁ። የሚኖርበትን ክፍል፣ ወይም ከድርሻችሁ ትንሽ ቀንሳችሁ። ግን በስጦታ፣ ታውቆ፣ «ለድካምህ» ተብሎ። አሁን ያናደዳችሁ ምናልባት መጠኑ አይደለም፤ ሳይጠይቃችሁ መውሰዱ ነው። እሱንም ያናደደው ድካሙን ማንም አፍ አውጥቶ አለማመስገኑ ሊሆን ይችላል። ስልክ ካላነሳ ጻፊለት። ስለ ቤቱ አንድም ቃል ሳትጨምሪ አባዬን ስላስታመምክልን እናመሰግናለን ብለሽ ብቻ ላኪለት። የቤቱ ነገር በሌላ ቀን፣ በሌላ መልእክት ይምጣ።

ኪራዩ ግን ዝም የሚባል ነገር አይደለም። አባትሽ ካረፉ ጀምሮ ከስድስቱ ክፍል የተሰበሰበው ኪራይ የእናትሽና የወራሾች ሁሉ ነው። የእናትሽ ግማሽ በየወሩ ለእጇ ይድረስ። የቀረው በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ማን ስንት ከፈለ፣ ለምን ወጣ፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ ጥገናው። ተከራዮቹን ደግሞ አታጣዪ፤ «ለሱ አትክፈሉ፣ ለኔ ክፈሉ» ብለሽ በር ላይ መቆም ጠብ እንጂ ገንዘብ አያመጣም።

እህትሽ ከቤይሩት ስትልክ የነበረው ገንዘብ ሰርቪሱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ስላልጻፍሽ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለበት ግቢ በከተማው ዳር ጥቂት ነው፣ የላከችበትን ደረሰኝ ሁሉ ትፈልግ። ስጦታ ነበር ወይስ ለግንባታ የተላከ የሚለው ክርክር ያስነሳል፣ ማስረጃ ከሌላት ግን ክርክሩም አይነሳም። እሷ ካልመጣች ካለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ትላክ። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ውክልናው ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር ይጻፍ፤ ለመክሰስ፣ ለመታረቅ፣ ድርሻ ለመቀበል። መሸጥ ካልፈለገች «ለመሸጥ» የሚለው ቃል አይግባበት።

ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከወረዳው ወሳኝ ኩነት የሞት የምስክር ወረቀት ይወጣል። ከዚያ ለአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሟችን የሚያውቁ ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ጥሪ ይደረጋል። ወንድምሽ ቀድሞ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ አውጥቶ እንዳይሆን አረጋግጪ። አውጥቶ ከሆነ አትደናገጪ፣ ተቃውሞ አቅርቦ ማሰረዝ ይቻላል። ሌላም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። የወራሽነት ማረጋገጫ ወራሽ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ቤት አያካፍልም። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት ይዞ ግቢ ውስጥ ገብቶ «የኔን ክፍል ልቀቁ» ይላል፤ ገና ነው። ከዚያ በፊት ውርሱ ይጣራል። ተስማምታችሁ ራሳችሁ ልታጣሩት ትችላላችሁ፣ ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ወራሾቹን ይለያል፣ ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ካለ ያስከፍላል፣ ሪፖርት ያቀርባል። የኑዛዜው ይፍረስልኝ ክርክርና የክፍፍሉ ክስ የሚሄደው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ይሁን ከፍተኛ የሚወስነው የንብረቱ ግምት ነው።

ደላላ ግቢ እየለካ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል አትጠብቂ። ክሱ እንደተከፈተ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ የእግድ ትእዛዝ ጠይቂ። ትእዛዙ ሲሰጥ ግልባጩን ራስሽ ይዘሽ ለክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤትና ለውልና ማስረጃ አድርሺ፣ ገቢ መደረጉንም በማህተም አረጋግጪ። ትእዛዙ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቤቱ የተሸጠባቸው ሰዎች አሉ።

ጊዜውን ንቂ አልልሽም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ያለ በቂ መብት ውርሱን በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የውርስ ጥያቄ፣ መብትሽንና ንብረቱ መያዙን ካወቅሽ 3 ዓመት ካለፈ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ ይችላል። ኑዛዜን ለመቃወም ያለው ጊዜ ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነው፣ የሚቆጠረው በቀንና በወር ነው። ሰባት ወር አልፏል። «ዓመቱ ይውጣ፣ ሐውልቱ ይቁም፣ ከዚያ እናወራለን» የሚለው ነገር ለሐዘን መልካም ነው፣ ለመብት ግን አደገኛ ነው። በዚህ ሳምንት ጠበቃ አነጋግሪ።

ገንዘብ የለኝም ካልሽ መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችዪ ከሆነ ደግሞ በደሃ ደንብ እንድትከሺ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ትችያለሽ። በር ላይ ቆሞ «ዳኛው ዘመዴ ነው፣ እጨርስልሻለሁ» የሚልሽን ግን ሰላም ብለሽ እለፊው።

ሽማግሌዎቹን አትጥዪያቸው። እነሱ ቤት እንዳይፈርስ ነው የፈለጉት፣ ያጡት መረጃ ነው። ተመልሰሽ ሂጂ፣ አንቺው ጥሪያቸው። እንዲህ በያቸው፦ «ዕርቁን እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ እናታችን ግማሽዋን ትያዝ። ከዚያ አባታችን የተወውን እናውራ፣ አራታችንም ባለንበት።» ሽማግሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይንቅም፤ እናትን ያስቀደመ ሰው ፊት ማንም «ወረቀቱን ፈርሚ» ማለት ያፍራል። ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የማን ድርሻ የት እንደሆነ፣ ኪራዩ እንዴት እንደሚከፈል፣ እናትሽ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በየትኛው ቤት እንደምትኖር ይግባበት። ከዚያ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ዕርቅ አንዱ ሲከፋው ይፈርሳል።

ክፍፍሉ ላይ ሳትደርሱ ግን መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ግቢው ይከፋፈላል ብላችሁ ተስማምታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ቦታው ለመከፈል አይበቃም ሊባል ይችላል። ስም በውርስ ማዞርና በሽያጭ ማዞር አንድ አይደለም፤ ክፍያውም ይለያያል፣ በሽያጭ ሲሆን የሊዝ ጉዳይም ሊመጣ ይችላል። ቤቱ የማይከፈል ከሆነ አንዳችሁ የሌሎቹን ድርሻ ትገዛላችሁ ወይም ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል። በፍርድ ቤት ሐራጅ ከሚሸጥ ተስማምታችሁ ብትሸጡት ብዙ ጊዜ ዋጋው ይሻላል፣ ይህንንም ለወንድምሽ ንገሪው። እሱም ቢሆን ባልጸና ኑዛዜ ላይ ከደላላ ጋር እየዞረ ቀብድ ከሚበላ፣ ክርክር የሌለበት ድርሻ ቢይዝ ይሻለዋል።

የካርታውን ቀንና የሰማንያውን ቀን ስታገኚ ጻፊልኝ፤ የኑዛዜውን ፎቶም ካገኘሽ ስሞቹን ሸፍነሽ ላኪልኝ፣ ምስክሮቹንና ቀኑን አብረን እናየዋለን።